ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ሥራ መያዝ፦ ከልምምድ እስከ ቅጥር

ኤሌክትሪሺያን መሆን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ፈቃዱን እንዴት ነው የማወጣው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ቀጣሪው በሆዱ የሚይዘው ሌላ ጥያቄ አለ፦ ይሄን ሰው የትኛው ሥራ ላይ ብቻውን ልተወው እችላለሁ? ፈቃድ የዚህ ጥያቄ የመጀመሪያ መልስ ነው እንጂ ሙሉ መልሱ አይደለም። ፈቃድ ይዘው ለወራት ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ ገና እንዳወጡት የሚጠሩም አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ልዩነቱ ዕድል አይደለም። አንዱ ምን መሥራት እንደሚችል በወረቀትም በእጁም ያሳያል፤ ሌላው «ሁሉንም እሠራለሁ» ይላል።

ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን ከዚያ ጥያቄ ጋር እያያዛችሁ አንብቡት። ጀማሪ ከሆናችሁ ከላይ ጀምሩ። ፈቃዱ በእጃችሁ ካለ ወደ አራተኛው ዝለሉ፤ አልቀየማችሁም።

1. የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ ለዩ

«የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ» ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። አይደለም። ብዙ ቦታ እርከን አለው። ታችኛው የሠልጣኝ ነው፤ በሌላ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ብቻ የምትሠሩበት። መካከለኛው ገመድ የምትዘረጉበት፣ የምትገጥሙበትና የምትጠግኑበት የሙሉ ባለሙያ ፈቃድ ነው፤ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ጆርኒማን ይሉታል። ከሱ በላይ ማስተር አለ፤ ሥራ የሚያቅድ፣ ሌሎችን የሚቆጣጠርና ለተሠራው ሥራ ኃላፊነት የሚወስድ።

የኮንትራክተር ፈቃድ ደግሞ ከነዚህ ለብቻው ነው። እሱ የንግድ ፈቃድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስና የገንዘብ ዋስትና ያስጠይቃል። ብዙ ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። የባለሙያ ፈቃድ ስለያዘ ብቻ በራሱ ስም ደንበኛ ተቀብሎ መዋዋል የሚችል ይመስለዋል። ብዙ ቦታ አይችልም፤ ተቀጥሮ መሥራት ነው የተፈቀደለት።

ፈቃድ ሰጪውም ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ የኤሌክትሪሺያን ፈቃድ የሚባል የለም፤ ግዛቶች በየራሳቸው ይሰጣሉ፣ እንደ ፔንሲልቬንያ ያሉት ደግሞ ነገሩን ለከተሞች ትተውታል። ካናዳ ውስጥ ሥልጣኑ የክፍለ ግዛቶቹ ነው፤ ሬድ ሲል የሚባለው ማረጋገጫ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ ያገለግላል። ጀርመን ውስጥ በዚህ ሙያ የራስን ድርጅት ለመክፈት በመሠረቱ ማይስተር የሚባለው የማስተር ደረጃ ይጠየቃል። አንድ ጓደኛችሁ በሌላ ከተማ ያለፈበትን መንገድ እንዳለ ገልብጣችሁ እንዳትከተሉ። የምትሠሩበትን ቦታ ፈቃድ ሰጪ አካል የማመልከቻ መመሪያ ራሳችሁ አንብቡና አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ልምምድ ይፈልጋል፣ ልምምዱን በምን ማስረጃ ይቀበላል፣ ፈተናው ምን ዓይነት ነው፣ ፈቃዱ የትኛውን ሥራ አይጨምርም።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያነብም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ እሱን እላለሁ። ለጥገና ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ አለ። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ብቻ፣ ማለትም ለእሳት ማስጠንቀቂያ፣ ለካሜራና ለመረጃ ገመድ ብቻ የሚሰጥም አለ። የአሳንሰር ሥራ ብዙ ቦታ የራሱ ፈቃድ አለው። ምሰሶ ላይ የሚሠራው የመስመር ሠራተኛም ሌላ ሙያ ነው፤ የቤት ውስጥ ዝርጋታ ፈቃድ ይዞ ወደዚያ አይወጣም።

2. ልምምዱን ሥሩት፣ ሠርታችሁም መዝግቡት

የተለመደው መንገድ ሥራና ትምህርት ጎን ለጎን የሚሄዱበት የአራት ዓመት ያህል ልምምድ ነው። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች 8,000 ሰዓት የሥራ ልምምድ ይጠይቃሉ፤ በዓመት 144 ሰዓት ገደማ የክፍል ትምህርት የሚጨመርበትም ሞልቷል። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በድምሩ 9,000 ሰዓት ትላለች። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ማንም በክፍል ትምህርት ብቻ እዚህ ሙያ ውስጥ አይገባም።

የሚያስፈልገው ሒሳብ አያስፈራም። ኦም የሚባለውን ሕግ፣ የኃይል ቀመርን፣ ክፍልፋይንና ትንሽ ጂኦሜትሪን በደንብ መያዝ ነው። ቀለም በትክክል መለየት የሚጠይቅ ቀጣሪም አለ፤ ዓይናችሁን ቀድማችሁ ብትመረመሩ አይከፋም። ከፍታ፣ ጠባብ ቦታና ጣሪያ ሥር ያለ ሙቀት የማይስማማችሁ ከሆነ ደግሞ አራት ዓመት ሳይሄድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማወቁ ይሻላል።

አሁን ወደ መዝገቡ። ፈቃድ የሚዘገይባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሥራውን ሳይሠሩ ቀርተው አይደለም፤ ሠርተው ማስረጃ የላቸውም። ያሠራቸው ድርጅት ተዘግቷል፣ ፎርማኑ አገር ለቋል፣ ስልኩ አይነሳም። ስለዚህ መዝገቡን በየቀኑ ጻፉ፤ በየወሩ መጨረሻ ላይ አስፈርሙ። የፈራሚውን ሙሉ ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና አድራሻ እዚያው ገጽ ላይ ያዙ። ገጹን በስልክ ፎቶ አንሡና ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

አጻጻፉም ለውጥ ያመጣል። «ዝርጋታ፣ 8 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦ «ባለ ሦስት ፌዝ ማከፋፈያ ሳጥን ገጠማ። 12 ብሬከር ማሰር፣ ገመዶቹን መለየትና መሰየም፣ ኃይል ሳይለቀቅ የኢንሱሌሽን ሙከራ። 8 ሰዓት፣ በተቆጣጣሪ።» (ፌዝ ኃይል የሚያመጣው ገመድ ነው፤ የኢንሱሌሽን ሙከራ ደግሞ የገመዱ ሽፋን ጅረት አለማሳለፉን የሚለካ ነው።) ይሄ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ይጠቅማችኋል፤ አንዴ ለፈቃድ ሰጪው፣ አንዴ ደግሞ ለሲቪያችሁ። ሰዓቱንም በሥራ ዓይነት ከፋፍላችሁ ደምሩት፤ ብዙ ፈቃድ ሰጪዎች ሙሉው ልምምድ በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ብቻ ያለቀ እንዲሆን አይፈልጉም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሶኬት ብቻ እየገጠማችሁ ከሆነ አሠሪያችሁን ሞተር ወይም ማከፋፈያ ሳጥን ያለበት ሳይት ላይ እንዲያዛውራችሁ ጠይቁ። አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ የናንተ ሰዓት ነው።

3. ፈተናውን እንዴት ታልፉታላችሁ

የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የአገሩን የኤሌክትሪክ ደንብ፣ ሒሳብና ደኅንነት። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ ናሽናል ኤሌክትሪካል ኮድ ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ1897 ነው፣ አሁን በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ሌሎች ብዙ አገሮች ደንባቸውን ያስጠጉት አይኢሲ 60364 ወደሚባለው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። የፈተናችሁ ቀን የሚሠራበት የትኛው እትም እንደሆነ አጣሩ። አዲሱ እትም ስለወጣ ብቻ ፈተናው ወደሱ ተቀይሯል ማለት አይደለም፤ አሮጌውን አጥንቶ መግባትም እንደዚያው ያስቀጣል።

መጽሐፍ ይዞ መግባት የሚፈቀድበት ፈተና ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሰዓት ነው የሚጥለው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስላለ፣ የሚፈተነው መልሱን በቃል መያዛችሁ ሳይሆን የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ማወቃችሁ ነው። ማውጫውን አጥኑ። የኬብል ውፍረት፣ የመሬት መስመር (ያመለጠ ጅረት ወደ መሬት የሚወስደው ገመድ)፣ የሞተርና የቱቦ ሙሌት (በአንድ ቱቦ ስንት ገመድ ይገባል የሚለው) ሰንጠረዦች ጣታችሁ ሳይፈልጋቸው የሚያገኛቸው መሆን አለባቸው። የሬድ ሲል ማለፊያ 70 ከመቶ ነው፤ ሌሎችም ብዙ አይርቁም።

ሒሳቡ ምን እንደሚመስል አንድ ላሳያችሁ። 7.5 ኪሎዋት ሞተር አለ፤ ባለ ሦስት ፌዝ፣ 400 ቮልት፣ ፓወር ፋክተሩ (ቮልትና አምፔር ተባዝተው ከሚሰጡት ውስጥ እውነተኛ ኃይል የሆነው ድርሻ) 0.85፣ ኤፊሸንሲው (ከሚገባው ኃይል ወደ ሥራ የሚቀየረው ድርሻ) 0.9። ስንት አምፔር ይስባል? 1.732 በ400፣ በ0.85፣ በ0.9 አባዙ፤ 530 ይመጣል። 7,500ን ለ530 አካፍሉ። መልሱ 14 አምፔር አካባቢ ነው። የሚሳሳቱት ብዙዎቹ ኤፊሸንሲውን ይረሱታል። 7.5 ኪሎዋት የተባለው ከሞተሩ ዘንግ የሚወጣው ኃይል ነው እንጂ ከመስመር የሚገባው አይደለም።

የተግባር ፈተና ካለ ብዙ ሰው የሚወድቀው ገመድ ማሰር ላይ አይደለም። ኃይል መጥፋቱን ማረጋገጥ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ የሚቀለድበት አይደለም። መጀመሪያ ትክክለኛውን መስመር ለዩ። አጥፉት። የራሳችሁን ቁልፍ አስገቡበት፣ ስማችሁ ያለበት ምልክት ስቀሉ፣ መክፈቻውን ኪሳችሁ ክተቱ። ቀጥሎ ቴስተራችሁን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ነገር ላይ ሞክሩ። ከዚያ የምትሠሩበትን መስመር ለኩ። ከዚያ እንደገና ቴስተሩን በሚታወቀው ላይ ሞክሩ፤ በመሀል ሞቶ ሊሆን ይችላልና።

ባለ ሦስት ፌዝ ላይ ልኬቱ አሥር ነው። ፌዝ ከፌዝ ሦስት፣ እያንዳንዱ ፌዝ ከኒውትራል (ከመመለሻው ገመድ) ሦስት፣ እያንዳንዱ ፌዝ ከመሬት መስመር ሦስት፣ በመጨረሻ ኒውትራል ከመሬት መስመር አንድ። ያቺን አሥረኛዋን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ፈታኙ እሷን ቆሞ ይጠብቃል። ስክሪፕት እንደሚሸመድድ ተዋናይ እጃችሁ ሳይጠየቅ እስኪሄድ ድረስ ቤት ውስጥ በባዶ ሳጥን ተለማመዱት።

የኢንሱሌሽን ሙከራውም ይመጣል። በተለመደው 230/400 ቮልት መስመር ላይ በ500 ቮልት ዲሲ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ጅረት) ይለካል፤ በአይኢሲ ስታንዳርድ ቢያንስ 1 ሜጋኦም መሆን አለበት። ከመለካታችሁ በፊት በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ ነገሮችን ንቀሉ፤ 500 ቮልቱ ዲመርና የኤልኢዲ መብራት ያቃጥላል።

4. ሥራ ከመፈለጋችሁ በፊት የት እንደምትሠሩ ምረጡ

ፈቃዱ ወጣ። አሁን ብዙዎች ያገኙት ማስታወቂያ ላይ ሁሉ ያንኑ ሲቪ ይበትናሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የሥራው ዓይነት በጣም የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ ለሁለት ወይ ለሦስት ዘርፍ ወስኑ።

የመኖሪያ ቤት ሥራ ለመግባት ቀላል ነው፤ ከደንበኛ ጋር መነጋገር የማይከብደው ሰው ይወደዋል። የሕንፃ ግንባታ ሳይት በቡድን ይሠራል፣ ጉልበት ይጠይቃል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። ስለነዚህ ሁለቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ልምምዳችሁን የጨረሳችሁት ምናልባት እዚያው ነው።

የፋብሪካ ጥገና ሌላ ዓለም ነው። የሚፈለገው ገመድ መሳብ ሳይሆን ብልሽት ማግኘት ነው። ማሽን ቆሟል፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ገንዘብ ናት፣ ከጀርባችሁ የሚቁነጠነጥ ኃላፊ አለ። ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ)፣ ኦቨርሎድ ሪሌ (ሞተር ከመጠን በላይ ሲጫን የሚያስቆርጥ)፣ ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር) እና ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) ማወቅ ግድ ይላል። ፈረቃ አለው፤ ለሊትም ትጠራላችሁ። በኔ አስተያየት ግን ሙያው ውስጥ አእምሮ የሚያሠራው ቦታ ይሄ ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ ከቤት ሥራ ይሻላል። ወደዚህ መግባት የሚፈልግ ሰው ከፈቃዱ ሌላ የፒኤልሲ ሥልጠና ቢጨምር አይጸጸትም። አንድ የመቆጣጠሪያ ሥዕል ተሰጥቶት ማንበብ የማይችል ግን ገና በሩ ላይ ይመለሳል።

ሶላር በፍጥነት የሚያድግ ዘርፍ ነው፤ ቀላል የሚመስላቸው ሰዎች ግን ይሳሳታሉ። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓነሉን ማጥፋት አይቻልም። በተከታታይ የታሰሩ ፓነሎች እስከ 1,000 ቮልት ዲሲ፣ ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ እስከ 1,500 ይደርሳሉ። ዲሲ ደግሞ አቅጣጫውን እየቀያየረ እንደሚሄደው ኤሲ በየቅጽበቱ ዜሮ ስለማይደርስ ብልጭታው አንዴ ከተነሳ በቀላሉ አይጠፋም። ጭነት ላይ እያለ የዲሲ ማያያዣ የሚነቅል ሠራተኛ አንድም ራሱን አንድም ጣሪያውን ያቃጥላል። ስለዚህ ቀጣሪዎች የዲሲ ሥልጠናና በከፍታ ላይ የመሥራት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር መግጠምም ሥራ እየሆነ ነው። የተለመደው የቤት ቻርጀር 32 አምፔር ሲሆን በ230 ቮልት 7.4 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። የአሜሪካ ደንብ እንዲህ ያለውን ጭነት 25 ከመቶ ጨምሮ ያሰላዋል፤ 32ቱ 40 አምፔር ብሬከር ይሆናል ማለት ነው። ዋናው ችሎታ መግጠሙ አይደለም። ቤቱ ያለው መስመር ይሄን ሸክም ይችላል ወይ ብሎ አስልቶ፣ ካልቻለ ደንበኛውን «አይሆንም» ማለት ነው።

ሆስፒታልና የመረጃ ማዕከል መብራት እንዳይቋረጥ የሚሠራባቸው ቦታዎች ናቸው። ጄኔሬተር፣ ዩፒኤስ (ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ)፣ ከዋናው ኃይል ወደ ጄኔሬተር ራሱ የሚቀይር ማብሪያ። አሜሪካ ውስጥ የሆስፒታል የሕይወት አድን መስመሮች ዋናው ኃይል በተቋረጠ በ10 ሰከንድ ውስጥ መልሰው ኃይል ማግኘት አለባቸው። እዚህ የሚቀጠረው ሰው ረጋ ያለ፣ የጽሑፍ ትእዛዝ ሳይሰለች የሚከተል ነው። «እኔ በልምድ አውቀዋለሁ» የሚል አይፈለግም።

ራቅ ያሉም አሉ። መርከብ ላይ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር የሚባል ሥራ አለ፤ የመሬት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ የባሕር ላይ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የነፋስ ተርባይን በከፍታ ላይ የመሥራት፣ የመጀመሪያ እርዳታና የእሳት ሥልጠና ይፈልጋል። ነዳጅና ጋዝ ባለበት ቦታ ፍንዳታ ሊያስነሳ በሚችል አየር ውስጥ የመሥራት ልዩ ማረጋገጫ አለ። ክፍያቸው ያጓጓል፤ ከቤተሰብ መራቁም እንዲሁ ይታሰብበት።

5. ሲቪና ማስረጃ

ሲቪው አንድ ገጽ፣ ቢበዛ ሁለት። ከላይ ስማችሁ፣ ስልካችሁ፣ ከዚያ ወዲያው የፈቃዱ ዓይነት፣ ቁጥር፣ የሰጠው አካልና የሚያበቃበት ቀን። ብዙ ቦታ ቀጣሪው ቁጥሩን አስገብቶ በፈቃድ ሰጪው መዝገብ ላይ ያየዋል። መጨረሻ ገጽ ላይ አትደብቁት።

«ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫና የሚቋቋም» የሚለውን አውጡት። ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አያነበውም። በሱ ፈንታ ከመዝገባችሁ የወጣ ነገር አስገቡ፦ እስከ ስንት ቮልት ሠርታችኋል፣ የስንት ኪሎዋት ሞተር አስነስታችኋል፣ የትኞቹን የመለኪያ መሣሪያዎች ትጠቀማላችሁ፣ የሙከራ ሰነድ ራሳችሁ ሞልታችሁ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ ወይ። ይሄ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። መሥራት የሚችል ብዙ አለ፤ የሠራውን ለክቶ በሰነድ የሚያስረክብ ጥቂት ነው።

የሥራችሁን ፎቶ ማሳየትም ጥሩ ነው፤ በተለይ ክዳኑ የተከፈተ፣ ገመዱ በሥርዓት የታሰረና የተሰየመ ማከፋፈያ ሳጥን። የደንበኛ አድራሻ ወይም ስም ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

6. ኢንተርቪውና የሥራ ሙከራ

የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ትርጉም አይደለም፤ ሁኔታ ነው። ሁለት ልስጣችሁ።

«ሞተር በስታር ዴልታ የምናስነሳው ለምንድን ነው?» (የሞተሩን ጥቅሎች መጀመሪያ በኮከብ ቅርጽ፣ ከተነሳ በኋላ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ማገናኘት ማለት ነው።) ጥሩ መልስ፦ ሞተር በቀጥታ ሲነሳ ከመደበኛው ከ6 እስከ 8 እጥፍ ጅረት ሊስብ ይችላል፤ በስታር ሲነሳ ከመስመር የሚስበው ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግማሽ ነጥብ ያገኛል። የማስነሻ ጉልበቱም አብሮ ወደ አንድ ሦስተኛ እንደሚወርድ፣ ስለዚህ ከባድ ጭነት ይዞ ለሚነሳ ማሽን እንደማይሆን የጨመረ ሰው ግን ሥራውን እንደሚያውቅ ያሳያል።

ሁለተኛው፦ «አንድ ቤት አርሲዲው እየወረደ ነው፣ ምን ታደርጋለህ?» አርሲዲ ጅረት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጠው መሣሪያ ነው፤ ሰው ለመጠበቅ የሚገጠመው በ30 ሚሊአምፔር ይሠራል። መጀመሪያ «እቀይረዋለሁ» ካላችሁ ኢንተርቪው አልቋል። መጀመሪያ ጠይቁ፦ መቼ ጀመረ፣ ሲዘንብ ነው ወይስ የሆነ ዕቃ ሲበራ፣ በቅርቡ ግድግዳ የበሳ ሰው አለ ወይ? ቀጥሎ የተሰኩ ዕቃዎችን በሙሉ ንቀሉ። ብሬከሮቹን አጥፉ፣ አርሲዲውን መልሱ፣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ አንሡ። ችግር ያለበት መስመር ራሱን ይናገራል።

ታዲያ ብሬከሮቹ ሁሉ ጠፍተውም ከወረደስ? ጠያቂው እዚህ ሊያደርሳችሁ ነው የፈለገው። ተራው ብሬከር የሚቆርጠው ፌዙን ብቻ ነው። ኒውትራሉ እንደተያያዘ ነው። የሆነ ቦታ ኒውትራልና የመሬት መስመር ከተነካኩ ብሬከር ጠፍቶም አርሲዲውን ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ዋናውን አጥፍታችሁ፣ ኒውትራሎቹን አንድ በአንድ ፈትታችሁ ከመሬት መስመር ጋር ያላቸውን ኢንሱሌሽን ትለካላችሁ።

የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ «አላውቀውም፤ ደንቡ ላይ አይቼ ነው የምሠራው» በሉ። በዚህ ሙያ ገምቶ የሚሠራ ሰው ያስፈራል እንጂ አያስመካም።

7. ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ

ደመወዝ፣ ኦቨርታይምና የትራንስፖርት ጉዳይ እንዳለ ሆኖ፣ ሌሎችም አሉ። የመለኪያ መሣሪያና የደኅንነት ዕቃ ማን ያቀርባል? መሣሪያዎቹስ በየጊዜው ካሊብሬት ይደረጋሉ፣ ማለትም ልክነታቸው ይፈተሻል? ኃይል እያለ መሥራት ይታዘዛል ወይ፣ ከታዘዘ በምን ሥርዓት? አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ማንን ይሸፍናል? በሥራችሁ ስንት ሠልጣኝ ይሆናል? ብዙ ቦታ አንድ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሚቆጣጠራቸው ሠልጣኞች ቁጥር ገደብ አለው።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ሌላ ሰው በሠራው ላይ ፈርሙ እባላለሁ ወይ? አንዳንድ ድርጅት የሚፈልገው እናንተን ሳይሆን ፈቃዳችሁን ነው። «ቢሮ መምጣት አያስፈልግህም፣ በወር ይሄን ያህል እንከፍልሃለን፣ ስምህን ብቻ እንጠቀም» የሚል ሰው አይጠፋም። ገንዘቡ ያለ ድካም የሚገኝ ይመስላል። ያ ሥራ እሳት ቢያስነሳ ግን የሚፈለገው ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው። ፈቃድ ማከራየት ብዙ ቦታ ፈቃዱን ያስነጥቃል፤ ሰው ከተጎዳ ደግሞ በወንጀልም ሊያስጠይቅ ይችላል። ያላያችሁትንና ያልለካችሁትን አትፈርሙ።

8. ሌላ አገር ለመሥራት ካሰባችሁ

ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ድንበር አብሯችሁ አይሻገርም። ብዙ ጊዜ የሚሻገረው የተመዘገበው ልምምድ ነው፤ የተፈረመባቸው የመዝገብ ገጾች፣ የአሠሪ ደብዳቤዎች፣ የትምህርት ማስረጃዎች። ከመሄዳችሁ በፊት አስተርጉሟቸው፣ አረጋግጧቸው። ከርቀት ደብዳቤ ማጻፍ ጣጣ ነው። ብዙ አገር እዚያው ደርሳችሁ የደንብ ፈተና ያስቀምጣችኋል፣ እስከዚያ በሠልጣኝነት ወይም በረዳትነት ያሠራችኋል። ይሄን እንደ ውርደት አትቁጠሩት።

ሥራው ራሱም ይለወጣል። አንዱ ጋ 230/400 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው፤ ሌላው ጋ 120/240 በ60 ኸርዝ። ከሁሉ የሚያሳስበው የገመድ ቀለም ነው። በአይኢሲ ሥርዓት ፌዞቹ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ናቸው፤ ኒውትራል ሰማያዊ፣ የመሬት መስመር አረንጓዴና ቢጫ። አሜሪካ ውስጥ ኒውትራል ነጭ ወይም ግራጫ ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ፌዝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እንግሊዝ ወደ አዲሱ ቀለም መቀየር የጀመረችው በ2004 ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠራ ሕንፃ ጥቁሩ ኒውትራል፣ ሰማያዊው ፌዝ ነው። በአዲሱ ሥርዓት ልክ ተገላቢጦሽ። አንድ ሕንፃ ውስጥ አሮጌውም አዲሱም ተደባልቀው ታገኛላችሁ። ቀለም አይታችሁ ሳይሆን ለክታችሁ ነው የምትነኩት።

9. ፈቃዱን ማሳደስና ከፍ ማለት

ፈቃድ ጊዜው ያልፋል። አብዛኛው በጥቂት ዓመት አንዴ ይታደሳል፤ ለማደስ ብዙ ቦታ ተጨማሪ የሥልጠና ሰዓት ይጠየቃል፣ በተለይ ስለ አዲሱ ደንብ። ከሚያበቃበት ቀን ሦስት ወር ቀድሞ ስልካችሁ እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። ጊዜው ባለፈ ፈቃድ የተሠራ ሥራ ኢንሹራንስ ላይ ችግር ይፈጥራል፤ ብዙ ከቆየ እንደገና ፈተና መቀመጥ ሊመጣ ይችላል።

የሥልጠና ሰዓቱን ለመሙላት ያህል ብቻ የተገኘውን ኮርስ አትውሰዱ። ፋብሪካ ውስጥ ከሆናችሁ የድራይቭና የፒኤልሲ፣ ሶላር ውስጥ ከሆናችሁ የባትሪ፣ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ የቻርጀር ውሰዱ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ማስተርና ወደ ራስ ድርጅት ይሄዳል፤ እዚያ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ የዋጋ ማስላት፣ የዕቃ ግዢና ገንዘብ መሰብሰብ ነው የሚያደክመው። ሌላው ተቆጣጣሪ መርማሪ ይሆናል። አንዳንዱ ያስተምራል፤ ጉልበቱ የደከመ ግን እጁና ጭንቅላቱ ያለ ሰው ለዚህ ይሆናል። ሁሉም ቀደም ያለ የሥራ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ያንን መዝገብ ፈቃዱ ስለወጣ ብቻ መጻፍ አታቁሙ። የማስተር ማመልከቻው ላይ ብዙ ቦታ ከፈቃዱ በኋላ የሠራችሁት ነው የሚቆጠረው፤ ያንን ደግሞ ማንም በናንተ ፈንታ አይመዘግብላችሁም።